ከቦንጋ ተራራ እስከ ሐይቁ ዳር
የከፋ መንገድና መንገደኞቹ



የዓመት ፈቃዱን ተቀብሎ ከጽሕፈት ቤት የሚወጣ ሰው ሦስት ነገር ቢመኝ አይፈረድበትም፤ ተራራ ወጥቶ ነፋስ መቀበል፣ አራዊትን በዱራቸው ማየት፣ በመጨረሻም በውሃ ዳር ተቀምጦ እግሩን ማሳረፍ። ይህን ሁሉ በአንድ ጉዞ ለማግኘት የሚሻ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ስለ ጎረቤት አገሮች ነው፤ ስለ ኪሊማንጃሮ ተራራ፣ ስለ ሴሬንጌቲ ሜዳ፣ ስለ ዛንዚባር ባሕር ይጠያይቃል። ነገር ግን በገዛ አገራችን በደቡብ ምዕራብ፣ ከቦንጋ ተነሥቶ በማጂ ተራሮች በኩል ወደ ኦሞ ወንዝ የሚወርድና በቱርካና ሐይቅ ዳር የሚያልቅ መንገድ አለ። ተራራውም፣ አራዊቱም፣ የውሃው ዳርም በዚሁ መንገድ ይገኛሉ። ዛሬ የምንነጋገረው ስለዚህ መንገድ ታሪክ ነው፤ ይኸውም ውበቱን ለማድነቅ ብቻ ሳይሆን፣ ከእኛ በፊት ማን እንደ ሄደበትና የጉዞውንስ ዋጋ ማን እንደ ከፈለ ለመጠየቅ ነው።

ከፋ በ1890 ዓ.ም. ድል ከመሆኑ በፊት ታቶ በሚባሉ ነገሥታት የሚገዛ ራሱን የቻለ መንግሥት ነበረ። ንጉሡን ሚክረቾ የሚባሉ ሰባት ታላላቅ ሰዎች ይመክሩት ነበር። የመንግሥቱ ዋና ዋና ከተሞች ቦንጋና አንደራቻ ነበሩ። አገሩ ወንዝና ደን በማይጋርደው በኩል ሁሉ ሂርዮ በሚባል ጥልቅ ጉድባ የታጠረ ሲሆን፣ መግቢያውም ኬሎ በሚባሉት በሮች ብቻ ነበር። እንግዳ ሰው ፈቃድ ሳይቀበል አያልፍም። በሮቹን ከሚጠብቁት መካከል ማንጆዎች ይገኙ ነበር፤ እነርሱም በአደን የሚኖሩ፣ ደኑን ከማንም ይልቅ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። የአገሩ ሰው አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም ነበር፤ የአገሩን በር ግን ለእነርሱ አደራ ሰጥቶ ይተኛ ነበር። ከበሩ የሚወጣው ሸቀጥ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ነበር፤ ሰውም እንደ ሸቀጥ ይወጣ ነበር።

እንዲህ የተዘጋ አገር የሩቁን ሰው ልብ መሳቡ አይቀርም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ዳባዲ በ1836 ዓ.ም. ቦንጋ ደረሰ። የገባበት ብልሃት ግን የሚያስደንቅ ነው። የእናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከከፋ ንጉሥ ቤት ሚስት ሊያመጣ መልእክተኞች በላከ ጊዜ፣ ዳባዲ ከሙሽራ አምጪዎቹ ጋር ተቀላቀለ። እንግዲህ የከፋ በር የተከፈተው ለሊቅነቱ ሳይሆን ለሠርጉ ነው ማለት ይቻላል። ከእርሱም በኋላ የካቶሊኩ ጳጳስ ማሳያ በ1852 ዓ.ም. ገብተው፣ ሁለት ዓመት ያህል ቈይተው ተባረሩ። ጣልያናውያኑ ቼኪና ኪያሪኒ ደግሞ ከዘይላ ተነሥተው ወደ ከፋ ሲገሠግሡ በጎረቤቷ በጌራ ተያዙ። ኪያሪኒ እዚያው ሞተ፤ ቼኪም ከእስራት ወጥቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። የጻፈው መጽሐፍ ስም «ከዘይላ እስከ ከፋ ድንበር» ይላል። እስከ ድንበር እንጂ ወደ ውስጥ አይልም፤ በዚህስ ረገድ እውነተኛ ሰው ነው።

ጉድባውና በሩ ግን በዘመናዊ ጠመንጃ ፊት ሊቆሙ አልቻሉም። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ አቦዬ በዐፄ ምኒልክ ትእዛዝ በከፋ ላይ ዘመቱ፤ ደጃዝማች ተሰማ ናደውና የጅማው ንጉሥ የአባ ጅፋር ጦርም በዘመቻው ተካፋዮች ነበሩ። የመጨረሻው የከፋ ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት ሙሉ በደን ውስጥ እየተሰወረ ከተዋጋ በኋላ፣ በመስከረም ወር 1890 ዓ.ም. ተማረከ። ሲያዝ የወርቅ ቀለበቱን ወንዝ ውስጥ ጣለ ይባላል። እርሱም ዙፋኑን ዳግመኛ ሳያይ እ.ኤ.አ. በ1919 በምርኮ እንዳለ ዐረፈ። ዘውዱ በስዊሳዊው በአልፍሬድ ኢልግ እጅ ወደ አውሮፓ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተመለሰ።

ተራራውን፣ አራዊቱንና የሐይቁን ዳር በአንድ ጉዞ አይቶ በመጽሐፍ የተወልን የመጀመሪያው መንገደኛ የመጣው ይህ ጦርነት ባለቀ በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ሰውየው አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የሩስያ ፈረሰኛ መኰንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 መጀመሪያ ከራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት ጋር ከአንደራቻ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ወረደ። የዘመቻው ዓላማ እንግሊዞች ከደቡብ በኩል ሳይቀድሙ የኢትዮጵያን ድንበር እስከ ሐይቁ ማድረስ ነበር።

ቡላቶቪች ዐይነ ስውር መንገደኛ አልነበረም። በተራራው ላይ መሣሪያውን ተክሎ የቦታውን ልክ ይለካል፤ ካርታ ይነድፋል፤ የዝሆን አደኑንም በደስታ ይጽፋል። ነገር ግን ወደ አንደራቻ ሲቃረብ ያየውን አልደበቀም። የተቃጠሉና ሰው አልባ የሆኑ ቤቶችን፣ በመንገዱ ዳርና በሣሩ ውስጥ የተበተነውን የሰው አጥንት መዝግቦታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ጉዞም ለሁሉም እኩል አልነበረም። መኰንኑ ተራራውን ለንጉሠ ነገሥቱ ለኒቆላዎስ ክብር ሲሰይም፣ ተራራው ከጥንት ጀምሮ ስም ያወጡለት ሰዎች ከሠራዊቱ ፊት ይሸሹ ነበር፤ የተማረከውም ሰው መንገድ መሪ እንዲሆን ይገደድ ነበር። ወታደሩም ቢሆን ራብ፣ ጥማትና በሽታ ጨርሶታል፤ በቅሎውና ፈረሱ በየመንገዱ ወድቋል።

በመጋቢት 1890 ዓ.ም. ከሐይቁ ደረሱ፤ የዐፄ ምኒልክም ባንዲራ በኦሞ መግቢያ ላይ ተተከለ። ከ10 ዓመት በፊት የሃንጋሪው መስፍን ቴለኪ ከደቡብ መጥቶ ይህን ሐይቅ በኦስትሪያ አልጋ ወራሽ ስም ሩዶልፍ ብሎት ነበር፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1975 ስሙን ለውጣ ቱርካና እስክትለው ድረስም ዓለም የሚያውቀው በዚሁ ስም ነበር። ባንዲራው ከተተከለበት ከዚያው አካባቢ ቡላቶቪች ክፉኛ ቈስሎ የተጣለ ሕፃን ልጅ አገኘ። ልጁን አንሥቶ አስታመመው፤ ቫስካ ብሎ ሰይሞም ወደ ሩስያ ወሰደው። ብዙ ሰው የቡላቶቪችን ርኅራኄ ያመሰግናል፤ እኔም አመሰግናለሁ። ዳሩ ግን ያ ልጅ በእናቱ ዘንድ ሌላ ስም ነበረው።

አሁን ወደ ደኑ ልመልሳችሁ። ዛሬ ቦንጋ የሚደርስ እንግዳ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያመሰግነው ያንን አረንጓዴ ደን ነው፤ «የሰው እጅ ያልነካው» ይለዋልም። ይህ አባባል ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። በመጀመሪያ፣ ደኑ ሁልጊዜ ባለቤት ነበረው፤ የከፋ ሰው እያንዳንዱን የደን ክፍል ኮቦ ብሎ ለቤተ ሰብ እየደለደለ፣ ማሩንና ቡናውን በድንበር ይለቅም ነበር፤ ለአምልኮ የተከበረውንም ደን መጥረቢያ አያስነካም ነበር። ሁለተኛም፣ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ እርሻ ባለቤት አጥቶ ጫካ ለበሰ። በ1897 እና በ1901 ዓ.ም. ከፋን የጎበኘው የቪየናው ሰው ፍሪድሪክ ቢበር ከሽማግሌዎች አፍ የሰበሰበው ታሪክ የሕዝቡን መመናመን ያስረዳል። ከሞተው ሌላ በባርነት የተነዳው ብዙ ነው። ባርነትን የሚከለክለው ቁርጥ ያለ ዐዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነውና፣ ይህ ነገር እጅግ ሩቅ ዘመን አይደለም። ስለዚህ መንገደኛው ዝምታውን ሰምቶ ልቡ የሚረካበት ጫካ፣ በአንዳንድ ስፍራ የአንድ ሰው ጓሮ የነበረ ነው።

ይህን ማወቅ ጉዞውን ያስቀራል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም ያጠነክረዋል። ከአዲስ አበባ በጅማ በኩል ወደ ቦንጋ የሚወስደው መንገድ 460 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሕይወታዊ ሀብት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል፤ በውስጡም የዱር ቡና ከታላላቅ ዛፎች ሥር ይበቅላል፤ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላል፤ አንበሳም ከዚያ ደን አልጠፋም። ዝሆን ለማየት የሚሻ በዳውሮና በኮንታ መካከል ወዳለው ወደ ጨበራ ጩርጩራ ብሔራዊ ፓርክ ይሻገራል። ቦንጋም ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ስለ ሆነች፣ ከእናንተ መካከል በሥራ ጉዳይ የሚላክ አይጠፋም። የሚላክም ሰው ስብሰባው ካለቀ በኋላ አንድ ቀን ይጨምርና መንገድ መሪ ከማንጆዎች መካከል ይፈልግ፤ ደኑን እንደ እነርሱ የሚያነብ የለም። በእነርሱ ላይ የነበረው ንቀት ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋምና፣ ዋጋውን ለእነርሱው በእጃቸው መስጠት ተገቢ ነው።

ከማጂ ከፍታ ወርዶ ኦሞን ተከትሎ ወደ ሐይቁ የሚዘልቅ ደግሞ የዳሰነች ሕዝብ አገር ይደርሳል። በዚያ ዳር የተቀመጠ መንገደኛ ውሃውን ለዕረፍት ያየዋል፤ ዳሰነቾች ግን ለእንጀራቸው ያዩታል። ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በተወው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ ሦስተኛ ግድብ የወንዙን አወራረድ ከለወጠ ወዲህ ግን ያ የቀድሞው ሙላት እንደ ልማዱ አይመጣም።