መስተጋብር ወይስ መጠላለፍ?

ሰሞኑን መድኃኒት ቤት ወረፋ ይዤ ሳለ፣ ፋርማሲስቷ ከፊቴ ለነበሩት እናት «እማማ፣ እነዚህ ሁለቱ መስተጋብር አላቸው» አለቻቸው። እሳቸውም ለልጃቸው የሚጥል በሽታ የታዘዙትን ኪኒኖች እያዩ «እሰይ፣ ተስማሙለታ!» አሉ። ደግማ እስክታስረዳቸው ልቤ አላረፈም። ግን አልፈርድባቸውም። ቃሉ «ገብረ» ከሚለው የግዕዝ ግሥ የወጣ ነው፤ አብሮ መሥራትን ያሰማል። «ማኅበራዊ መስተጋብር» ስንል መልካሙን እናስባለን፤ ጆሯችንም «መስተፋቅር»ን ለምዷል። ሐኪሞች «ኢንተራክሽን» የሚሉት ግን ሌላ ነው። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የሆኑትን ፌኖባርቢታልንና ቫልፕሮዌትን እንመልከት። ቫልፕሮዌት ጉበት ፌኖባርቢታልን ቶሎ እንዳያስወግድ ይይዘዋል፤ ፌኖባርቢታሉ በደም ውስጥ ይከማችና በሽተኛው ቀን ከሌት ያንቀላፋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። ፌኖባርቢታል በበኩሉ ቫልፕሮዌትን ቶሎ እያስወገደ አቅሙን ያሳንሰዋል። እኔ ይህን «መጠላለፍ» እለዋለሁ። «ጠለፈ» ቀሚስ ላይ ሲሆን ጌጥ ነው፤ ትግል ላይ ግን እግር አስገብቶ መጣል ነው። «መድኃኒቶቹ ይጠላለፋሉ» ቢባሉ፣ እኚያ እናት «ታዲያ ምን ላድርግ?» ብለው በጠየቁ ነበር። መልሱም አለ፤ ሐኪም መጠኑን አስተካክሎ፣ እየተከታተለ ሁለቱንም ሊያዝ ይችላል። በራስ ፈቃድ አንዱን ድንገት ማቋረጥ ግን ሕመሙን ክፉኛ ሊቀሰቅሰው ይችላል። የሕክምና ቃል በሽተኛውን ለጥያቄ ሊያነቃው እንጂ ሊያዘናጋው አይገባም።