ትኬት የሌለው ተሳፋሪ

በሹፌርና በተሳፋሪ መካከል ጠብ በተነሳ ቁጥር ሁላችንም ስለ ጠባይ ማውራት እንጀምራለን። ሹፌሩ ባለጌ ነው፣ ረዳቱ አፉ አያርፍም፣ የዘመኑ ሰው ትዕግሥት የለውም እንላለን። ከሮቤ ጎባ ሲኬድ የሚሰማው ይኼ ነው። አዲስ አበባ ሜክሲኮ ላይ ተሰልፎ የቆመውም ሰው የሚለው ይኼንኑ ነው። ወገኖች፣ ዛሬ ነገሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሄደን በታሪክ እንየው። ከጠባይ በፊት የሚመጣ አንድ ጥያቄ አለ፦ ተሳፋሪው ለከፈለው ገንዘብ በእጁ ምን ማስረጃ ይዟል?

የከተማ አውቶቡስ በአገራችን የተጀመረው በ1935 ዓ.ም ገደማ ነው። ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ ትቷቸው በሄዱት ጥቂት የጭነት መኪናዎች አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ማመላለስ ተጀመረ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሥራው ወደ አክሲዮን ማኅበር ተዛወረ፤ የንጉሣውያን ቤተሰብም ትልቁን ድርሻ ያዘ። በአገሬው አፍ "አንበሳ" ተብሎ የቀረው ይኼ ድርጅት ነው።

አንበሳ ብዙ ጉድለት ነበረበት። ይዘገያል፣ ይጨናነቃል፣ ኪስ አውላቂ ይበዛበታል። ግን አንድ ነገር ነበረው። ተሳፋሪው በኋላ በር ይገባል፣ በሩ አጠገብ የተቀመጠው ትኬት ቆራጭ ገንዘቡን ተቀብሎ ትኬት ይሰጠዋል፣ ተቆጣጣሪ መንገድ ላይ ሲገባ ደግሞ ትኬቱን ያያል። ያቺ ብጣሽ ወረቀት ሦስት ሰው ታስራለች። ተሳፋሪው ሳይከፍል እንዳይሄድ፣ ትኬት ቆራጩ ገንዘቡን ኪሱ እንዳይከት፣ ድርጅቱም "አልጫንኩህም" እንዳይል። ሹፌሩ ከገንዘብ ጋር ንክኪ ስላልነበረው ከተሳፋሪ ጋር በሒሳብ የሚጣላበት ምክንያት አልነበረውም። አንድ ሰው ጨምሮ ቢጭን ኪሱ የምትገባ ሳንቲም የለችም።

ቀጥሎ የመጣው የካቲት 1966 ነው። ከአረብና እስራኤል ጦርነት በኋላ የዓለም ነዳጅ ተወደደ፤ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ በ50 በመቶ ጨመረ፤ ታክሲዎች ግን ታሪፍ እንዲጨምሩ አልተፈቀደላቸውም። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በዚያው ቀን አድማ መቱ፤ ተማሪውና ወጣቱ አደባባይ ወጣ። ብዙ ድንጋይ የተወረወረው በአንበሳ አውቶቡሶች ላይ ነበር። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበርና። የካቲት 16 ንጉሡ የነዳጁን ዋጋ ዝቅ አደረጉ፤ የካቲት 20 የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። አብዮቱ ሌላ ብዙ መነሻ አለው። የትራንስፖርቱን ክፍል ብቻ ነጥለን ስናይ ግን ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ነዳጅ በአንድ ቢሮ፣ ታሪፍ በሌላ ቢሮ ሲወሰን መሃል ላይ የሚጨመቁት ሹፌርና ተሳፋሪ ናቸው። እርስ በርስ የሚሰዳደቡትም እነሱው ናቸው።

ተመሳሳይ ነገር በየካቲት 2008 ዓ.ም ታየ። የጥፋት ነጥብ እየተቆጠረ መንጃ ፈቃድ የሚያሳግድ ደንብ ሊጀመር ሲል የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ። ከተማው በእግሩ ሄደ። መንግሥት አፈጻጸሙን ለሦስት ወር አራዘመው። ሹፌሮች ድምፃቸው ተሰማ፤ ማለፊያ ነው። በሁለቱም የካቲቶች ግን ተሳፋሪውን "አንተስ ምን ትላለህ?" ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

ተሳፋሪ ሲጠየቅ፣ ይልቁንም ራሱ ተደራጅቶ ሲናገር ምን እንደሚሆን ለማየት ከአገር እንውጣ። አሜሪካ ሞንትጎመሪ ከተማ ውስጥ ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ለሹፌሩ ይከፍላል፣ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር እንዲገባ ይታዘዛል። ከፍሎ ወደ ኋላ በር ሲሄድ ሹፌሩ ጥሎት የሚነዳበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1943 ሮዛ ፓርክስን በዚሁ ምክንያት ከአውቶቡስ ያስወረዳት ሹፌር፣ ከ12 ዓመት በኋላ ወንበር አልለቅም ስትል ያሳሰራት ያው ሹፌር ነው። ሕዝቡ አውቶቡስ መሳፈር አቆመ። ለ381 ቀን በእግሩ ሄደ። መጀመሪያ ካቀረቧቸው ሦስት ጥያቄዎች አንደኛው ምን ነበር? "ሹፌሮች በትሕትና ያስተናግዱን።" ሕጉ የተሸነፈው በኋላ ነው፤ ጥያቄው የተጀመረው ከክብር ነው። ክብሩን ያስመለሰው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ከሹፌር ጋር ተጣልቶ አይደለም፤ ተሳፋሪው ማኅበር አቁሞ ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። ዛሬ አብዛኛው ሰው የሚጓዘው በሚኒባስ፣ በቅጥቅጥና በባጃጅ ነው። ብዙ ባለንብረት ለሹፌሩ የቀን ገቢ ይተምንለታል። ነዳጁን ቀድቶ፣ የተራውን ከፍሎ፣ ገቢውን አስገብቶ የተረፈው የእሱና የረዳቱ ነው። እንግዲህ "ጠጋ ጠጋ በሉ" የሚለው ለምን እንደሆነ፣ መንገድ አቆራርጦ ለምን እንደሚጭን፣ ኩርባ ላይ ለምን እንደሚቀድም ገባን? የከፋ ሰው ሆኖ ላይሆን ይችላል፤ የሥራው ስሌት እንደዚያ ነው የሚያስነዳው። በ2012 በኮሮና ጊዜ በግማሽ ጫኑ፣ ታሪፍ ጨምሩ ተባለ። ወንበሩ ተመልሶ ሲሞላ ታሪፉ በብዙ ቦታ አብሮ አልተመለሰም። ተሳፋሪው ቢከራከር ምን ያሳያል? ወረቀት የለውም።

ከ2014 መጨረሻ ጀምሮ ለሕዝብ ትራንስፖርት የነዳጅ ድጎማ በቴሌብር እየተመዘገበ መሰጠት ጀመረ። ሹፌሩ የቀዳት እያንዳንዷ ሊትር በስልክ ተመዝግባለች። በዚያ በተደጎመ ነዳጅ የተጓዘው ሰው የከፈለው ግን በየትም አልተመዘገበም። ድጎማው ለተሳፋሪው ነው ይባል ነበር፤ ለተሳፋሪው መድረሱን የሚያሳይ ትኬት ግን አልነበረም።

ይህ ለከተሜው ብስጭት ነው። ለእኛ ለባሌ ሰዎች ከብስጭት ያልፋል። ከአንገቱ ወይም ከደሎ መና ወደ ጎባ የሚወጣ ሰው የሐረናን ጫካ አልፎ ሳነቲን ያቋርጣል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። አዲስ አበባ ላይ "ከዚህ ወዲያ አልሄድም፣ ውረዱ" የተባለ ሰው ሌላ ታክሲ ይይዛል። ሳነቲ ላይ በምሽት፣ በዚያ ብርድና ጉም፣ ለሕክምና የምትሄድ እርጉዝ ሴት ምን ትይዛለች? ከመናኸሪያ የተሳፈረው ትኬት ሊቆረጥለት ይችላል፤ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቀው ገበሬ ግን የሚከፍለው በረዳቱ አፍ በተጠራው ዋጋ ነው። መኪናው ቢገለበጥ እንኳ እዚያ ውስጥ ለመኖሩ ማስረጃ የለውም።

ስለዚህ ጥያቄያችን "ሹፌሮች ጠባያችሁን አሳምሩ" ከሚለው ምክር ይለፍ። አንደኛ፣ የትም ቦታ የተሳፈረ ሰው የሰሌዳ ቁጥር፣ መነሻና መድረሻ፣ የተከፈለ ዋጋ ያለበት ትኬት ያግኝ፤ በወረቀትም ይሁን በስልክ። ሁለተኛ፣ ሹፌርና ረዳት ቁርጥ ደመወዝ ይኑራቸው፤ የቀን ገቢ ግዴታ ይነሳላቸው። ሦስተኛ፣ ባለንብረቱ ማኅበር አለው፣ ተራ አስከባሪው ማኅበር አለው፤ ታሪፍ ሲወሰን ተሳፋሪውም ወንበር ይሰጠው። ሦስተኛውን ማንም በችሮታ አይሰጠንም፤ ሞንትጎመሪዎችም በችሮታ አላገኙትም።

እስከዚያው ሒሳብ ስትከፍሉ ትኬት ጠይቁ። "ትኬት የለም" ቢላችሁ ከረዳቱ ጋር አትጣሉ፤ ሰሌዳውን፣ ቀኑንና የከፈላችሁትን ጻፉና ያዙ። አንድ ሰው የጻፈው ስሞታ ነው፤ የመንደሩ ሰው ሁሉ ጽፎ አንድ ላይ ይዞ ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሲሄድ ግን ማስረጃ ይሆናል።