ዕድሜ ያልጠገበው ወይናችን

ከአርባ ምንጭ ወደ ዶርዜ ሲወጣ አየሩም አዝመራውም በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይለወጣል። ታች አባያና ጫሞ፣ ሙዝና ማንጎ፤ ላይ ደጋው፣ እንሰትና ቀርከሃ። በዚሁ የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተርታ በስተሰሜን፣ ባቱ ላይ፣ ሲራህ የተባለው የፈረንሳይ ቀይ ወይን ይለቀማል። ወይን ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሆነብን ያረጀ የወይን ግንድ ነው።

በ1ኛው መቶ ዘመን የቀይ ባሕርን ንግድ የመዘገበው የግሪክ ሰነድ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡ ሸቀጦች መካከል የሶርያንና የጣሊያንን ወይን ይጠቅሳል። ክርስትና ሲጸና ወይን ከሸቀጥነት አልፎ የቅዳሴ ግዴታ ሆነ። ትኩስ ፍሬ በሌለበት ካህናቱ ዘቢብ ዘፍዝፈው ጨመቁ። በ1520ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህንኑ አሠራር ጽፎታል። እንደ ብርብር ማርያም ያሉ የጋሞ ጥንታዊ ደብሮችም የዚሁ ሥርዓት ወራሾች ናቸው።

ከጣና በስተምሥራቅ፣ በእንፍራዝና በይፋግ አካባቢ፣ ወይን በማሳ ይለማ ነበር። በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ግን የወይን በሽታ ገብቶ ተክሉን አመናመነው። ከዚያ በኋላ ልማቱን የያዘው ፋብሪካ ነው። አዋሽ ወይን ጠጅ በ1943 ተመሠረተ፤ በደርግ ዘመን የመንግሥት ሆነ፤ በ2013 እንደገና ወደ ግል ባለሀብት ዞረ። የፈረንሳዩ ካስቴል ደግሞ ባቱ ላይ ሲራህ፣ ሜርሎና ካበርኔ ሶቪኞን ተክሎ በ2014 የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች ለገበያ አቀረበ። ጉማሬና ጅብ እንዳይገቡበትም እርሻውን በቦይ አጠረው።

ሲራህ የትውልድ አገሩ የፈረንሳይ የሮን ሸለቆ ነው። በ1998 የዘረመል ምርመራ ወላጆቹ ዱሬዛና ሞንደዝ ብላንሽ የተባሉ የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ዝርያዎች መሆናቸው ታወቀ። በኤርሚታዥና በኮርናስ ቀጥ ያሉ ተረተሮች ላይ አነስተኛ ማሳ ያላቸው ቤተሰቦች ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉት ኖረዋል። በአውስትራሊያ ባሮሳ ደግሞ በ1843 የተተከለ የሲራህ ማሳ ዛሬም ያፈራል። ያረጀ ግንድ ሥሩ ጠልቆ ይወርዳል፤ ዘለላው ያንሳል፤ የፍሬው ጣዕም ግን ይጠነክራል። ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ወይን ጠጁ ወጣት ሳለ አፍ ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላ ይለሰልሳል። ይህን ደግሞ ገንዘብ ብቻውን አያፋጥነውም። ዛሬ የሚተክል ሰው ለልጅ ልጁ ነው የሚተክለው።

የኛ ታሪክ የጎደለው ይህ ቀጣይነት ነው። በሽታ፣ አብዮት፣ የባለቤት መለዋወጥ እየመጣ ግንዱ ሳያረጅ ይጀመራል፣ ይቋረጣል። በሐሩር አገር ሌላም ፈተና አለ፤ ተክሉን የሚያስተኛ ብርድ ስለሌለ በመግረዝና ውሃ በመቀነስ ማሳረፍ ያስፈልጋል።

ትዕግሥቱ ግን በጋሞ አለ። እንሰት ተተክሎ እስኪፋቅ ከአራት እስከ ሰባት ዓመት ይጠበቃል፤ ቆጮውም ጉድጓድ ውስጥ ለሳምንታት፣ ሲፈለግም ለወራት ይብላላል። የዶርዜ እናቶች መፍላትን በእጃቸውና በአፍንጫቸው ያውቁታል። በሚሲዮናውያን በኩል የመጣው አፕልም የውጭ ተክል ነበር፤ በጋሞ ደጋ ያለው የጨንቻ ገበሬ ግን ተንከባክቦ የራሱ አድርጎታል።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይደረግ። ባቱም አዋሽም ከየዓመቱ ምርት ጥቂት ሳጥን ሳይሸጡ ያስቀምጡ፤ የአገራችን ወይን ምን ያህል እንደሚቆይ የሚያሳየን እርሱ ብቻ ነው። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በአባያ ቆላና በደጋው መካከል ባለው ተዳፋት፣ ከገበሬው ጋር፣ በገበሬው መሬት ላይ ሲራህን ይሞክር። ያደገውን ግንድ ደግሞ ማንም በቸኮለ ውሳኔ አይንቀለው።