ጣሪያውን ማን ይለስነው?

ስለ ሐረር አሮጌ ቤቶች በተነሳ ቁጥር ክርክሩ ወደ አንድ ጥያቄ ይዞራል፦ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚኖረው ባለቤት ነው ወይስ ተከራይ? ባለቤት ይጠብቃል፣ ተከራይ ያፈርሳል የሚል እምነት ከጥያቄው ሥር አለ። የከተማዋን ታሪክ ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን ይህ እምነት አያዛልቅም። የጀጎል ቤት የተጎዳው ተከራይ ስለገባበት ሳይሆን፣ በቤቱ የመኖር መብትና ቤቱን የመጠገን ግዴታ ስለተለያዩ ነው። ሁለቱ በአንድ እጅ በነበሩበት ዘመን ቤቱ ቆሟል፤ በተለያዩበት ዘመን አዘንብሏል።

ነገሩ ከቤቱ አሠራር ይጀምራል። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነቡት ግንብ 48 ሄክታር ያህል ቦታ ያቅፋል። በውስጡ የተጠጋጉት የሐረሪ ቤቶች ግድግዳቸው ድንጋይና ጭቃ፣ ጠፍጣፋ ጣሪያቸው በእንጨት ላይ የተደለደለ አፈር ነው። በሩን አልፎ የሚገባ ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው ነደባውን ነው፤ በቀይ አፈር የተለቀለቀ፣ ከፍና ዝቅ ያለ፣ እያንዳንዱ ደረጃ እንደ ዕድሜና እንደ ክብር የተመደበ መቀመጫ። ከላዩ ግድግዳው ውስጥ በተቦረቦሩት መደርደሪያዎች ሳህኑና ዕቃው ይደረደራል፤ ስፌቱ በግድግዳው ላይ ይሰቀላል። ይህ ውበት ራሱን አይጠብቅም። ክረምት ከመግባቱ በፊት ጣሪያው ካልተለሰነ ውኃ ይሰርጋል፤ ውኃ ከሰረገ ጭቃው ይላላል፣ ግድግዳው ያብጣል። እንዲህ ያለ ቤት የሚፈልገው በየዓመቱ የማይቀር እጅ ነው።

ያ እጅ ቀድሞም ቢሆን የአንድ ሰው ብቻ አልነበረም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሐረር ቃዲዎች የመሬትና የቤት ሽያጭን፣ የውርስ ክፍፍልን በዐረብኛ ይመዘግቡ ነበር። በሸሪዓ ሴት ልጅም ድርሻ ስላላት አንድ ግቢ የብዙ ወራሾች ሊሆን ይችላል፤ አንዱ ለንግድ ርቆ ሲሄድ ሌላው ግቢውን ይዞ ይቀራል። ከ1879ቱ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ ከተማዋ የራስ መኮንን መቀመጫ ስትሆን ወታደሩ፣ ጸሐፊው፣ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴው መጣ። የህንድ ነጋዴዎች ሰገነቱ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት ባለ ፎቅ ቤት ሠሩ፤ ዛሬ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤትም እርሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። በ1940 ዓ.ም. ኩሉብ የተባለው የሐረሪዎች የፖለቲካ እንቅስቃሴ ሲመታ ደግሞ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ባለቤቱ ሩቅ፣ ነዋሪው ሌላ የሆነበት ቤት በረከተ። ቢሆንም ባለቤቱ ኪራይ ይቀበላል፣ ከኪራዩም ያስጠግናል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ቤቱን በደህና ሁኔታ የመጠበቁን ግዴታ በአከራዩ ላይ ጥሏል።

ይህን ሰንሰለት የበጠሰው 1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 የገጠር መሬት የመንግሥት ሲሆን ከግንቡ ውጭ ባለው የእርሻ መሬታቸው ገቢ ይኖሩ የነበሩ የሐረሪ ቤተሰቦች መተዳደሪያቸውን አጡ። ሐምሌ 19 ደግሞ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን ወረሰ፤ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ፣ ኪራይ ተቀነሰ፣ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑ ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው። ኪራዩ ለአሥርት ዓመታት ባለበት ሲቆም ለልስን የሚሆን እንኳ አልተረፈም። የቀድሞው ባለቤት መብቱን ተነጥቋል፤ ተከራዩ የእኔ በማይለው ቤት ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ ያመነታል፤ ቀበሌው አቅም የለውም። ሦስት ወገን ያለበት ቤት ጠጋኝ አጣ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። አዋጁ ባይኖር ኖሮ ድኻው ከከተማ ተገፍቶ በወጣ ነበር፤ ርካሽ ኪራይ ብዙ እናቶችን ከነልጆቻቸው ከጎዳና አድኗል ይባላል። እውነት ነው፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። ነገር ግን ለድኻው መጠለያ የሰጠው ርካሽ ኪራዩ ነው እንጂ ጣሪያው ሳይለሰን መቅረቱ አይደለም። መንግሥት አከራይ ሲሆን ኪራዩን ዝቅ አድርጎ ጥገናውን ከሌላ ገቢ ሊሸፍን ይችል ነበር፤ የአከራይን መብት ወርሶ የአከራይን ግዴታ ግን አልወረሰም። የቀድሞ ባለቤቶች ቢመለሱ ሁሉም ይስተካከላል የሚሉም አሉ። ወራሾቹ ግን በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በባሕር ማዶ ተበትነዋል፤ ግማሽ ክፍለ ዘመን በቤቱ የኖረውን ቤተሰብ ማስወጣት ደግሞ አንዱን በደል በሌላ መተካት ነው።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ዓለም ያከበረው ሰው የሚኖርበትን ከተማ ነው፤ ነዋሪው የሌለበት ጀጎል ያ ክብር አይገባውም። አዲሱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ማድረጉ ተከራዩን ከድንገተኛ መፈናቀል ይጠብቀዋል፤ ለአፈር ጣሪያ ግን ሁለት ዓመት ሁለት ክረምት ብቻ ነው። በግንቡ ውስጥ ላሉ የቀበሌ ቤቶች የሚበጀው ተከራዩ ረጅም ዋስትና አግኝቶ ያወጣው የጥገና ወጪ ከኪራዩ የሚታሰብለት፣ ወራሹም በስሙ የሚታወቅበትና በጥገናው የሚሳተፍበት ውል ነው። እንዲህ ያለ ውል ከክረምት በፊት ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው ማን እንደሆነ በስም ይናገራል፤ ከ1967 ወዲህ የጀጎል ቤት ያጣው ይህን ሰው ነው።