የፓራጓይ ጦርነትና ወንዙ

ከ1864 እስከ 1870 (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) ፓራጓይ ከብራዚል፣ ከአርጀንቲናና ከኡራጓይ ጋራ ያደረገችው ጦርነት ሲተረክ፣ የሕዝቡ ጀግንነትና የፕሬዚዳንቱ የፍራንሲስኮ ሶላኖ ሎፔስ እልከኝነት ይቀድማል። እኛ ግን አስቀድሞ ካርታውን መመልከት ይገባል እንላለን።

ፓራጓይ የባሕር በር የላትም። ዋናው መውጫዋ በፓራጓይና በፓራና ወንዞች ላይ ነበር። በጁን 11 ቀን 1865 የብራዚል መርከቦች ሪያቹዌሎ ላይ ድል በመቱ ጊዜ ይህ በር ተዘጋ። ሎፔስ በአውሮፓ እንዲሠሩለት ያዘዛቸውን ብረት ለበስ መርከቦች እንኳ፣ ገንዘቡን ማድረስ ስላልተቻለው፣ ጠላቱ ብራዚል ገዛቻቸው! በአገር ውስጥ ግን የቤተ ክርስቲያን ደወሎች እየቀለጡ «ክርስቲያኖ» የተባለው ታላቅ መድፍ ተሠራ።

በሴፕቴምበር 22 ቀን 1866 ፓራጓዮች ኩሩፓይቲ ላይ ከምሽጋቸው ሆነው በሺህ የሚቈጠር የጠላት ወታደር ጣሉ። ነገር ግን ይህን የመሰለ ድል እንኳ ወንዙን አላስከፈተም። በ1868 ብረት ለበሶቹ የሁማይታን ምሽግ ጥሰው አለፉ፤ ምሽጉም በዚያው ዓመት ተያዘ።

በኦገስት 16 ቀን 1869 አኮስታ ኙ ላይ ከተሰለፉት ብዙዎቹ ልጆች ነበሩ። ይህን ጀግንነት ብለው የሚያልፉት አሉ፤ እኛ እንደምናየው ግን አዋቂ ወታደር ማለቁን የሚያስረዳ ነው። ሎፔስ ራሱ እስከ ማርች 1 ቀን 1870 ሲዋጋ ቈይቶ ሴሮ ኮራ ላይ ተገደለ።