አፕዴት ሲመጣ የተቀየረው ፋይል በምን ይታወቃል?

አንድ ኮምፒውተር ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች ሊኖሩ ይችላሉ። አፕዴት ሲመጣ የሚቀየሩት ግን ብዙ ጊዜ ጥቂቶቹ ናቸው። ሁሉንም እንደገና ማውረድ ዳታ ይበላል፣ ሁሉንም ከፍቶ ማንበብም ጊዜ ይፈጃል። ቁስቋም ሆኖ የሞባይል ዳታ ለሚገዛ ሰው ይሄ የኪስ ጉዳይ ነው። ታዲያ ፕሮግራሙ የተቀየረውን እንዴት ይለያል?

1. መጠንና ሰዓት፦ ፋይሉን ሳይከፍት መጠኑንና መጨረሻ የተነካበትን ሰዓት ከድሮው መዝገብ ጋር ያስተያያል። የጆንያው ክብደትም ማሰሪያውም ያው ከሆነ ማን ዘርግፎ ያየዋል? በጣም ፈጣን ነው። ግን የኮምፒውተሩ ሰዓት ከተዛባ ወይም መጠኑም ሰዓቱም ሳይለወጥ ይዘቱ ከተቀየረ ሊሸወድ ይችላል።

2. ሃሽ፦ ፋይሉን ሙሉ አንብቦ የጣት አሻራ የመሰለ ቁጥር ያወጣለታል። ኤስኤችኤ-256 የሚባለው 64 ፊደልና ቁጥር ያወጣል፤ አንዲት ፊደል ብትቀየር አሻራው ሌላ ይሆናል። አስተማማኝ ነው፣ ግን ቀርፋፋ።

3. ሁለቱን ማጣመር፦ ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ጊት መጀመሪያ መጠንና ሰዓት ያያል፤ ይዘቱን የሚያነበው የሚያጠራጥረውን ብቻ ነው።

4. ቁርጥራጩን ብቻ መላክ፦ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው አርሲንክ የተቀየረውን ፋይል ራሱን ከፋፍሎ አዲሱን ክፍል ብቻ ይልካል። ጉግል ፕሌይም በ2016 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ባስተዋወቀው ተመሳሳይ ዘዴ አፕዴቱ ከሙሉው አፕ በአማካይ 65 በመቶ እንደሚያንስ ገልጿል።

ይሄ ሁሉ ለምን ይጠቅማል? ዳታ ይፈጃል ብሎ አፕዴት መዝጋት ዋጋ ስለሚያስከፍል ነው። ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ወደ 150 በሚጠጉ አገሮች ከ200,000 በላይ ኮምፒውተሮችን ሲያጠቃ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር። ብዙዎቹ አልጫኑትም ነበር።

ስለዚህ አፕዴት አትዝጉ፤ ዋይፋይ ስታገኙ ብቻ እንዲያወርድ አድርጉት። ፕሮግራም በፍላሽ ከሰው ከተቀበላችሁ ደግሞ ሃሹን አውጡና አምራቹ ድረ ገጹ ላይ ካሰፈረው ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ፋይሉ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ተነካክቷል፣ ወይ ሌላ ቨርዥን ነው። ሳታረጋግጡ አትክፈቱት።