በአሜሪካ የጉዳተኞች አበል ዳግመኛ ምርመራ ታሪክ

መንግሥት የፈቀደውን የጉዳተኛ አበል እንደገና ሲመረምር፣ የማስረጃው ሸክም የማን ነው? ለዚህ ጥያቄ የአሜሪካ ታሪክ መልካም ምሳሌ ሆኖ አግኝተነዋል። (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ነው።)

በጉዳት ምክንያት መሥራት ለማይችሉ ሠራተኞች አበል የተደነገገው በ1956 ሲሆን፣ በመጀመሪያ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 64 ለሆኑት ብቻ ነበር፤ ይህ ወሰን በ1960 ተነሣ። በ1980 የወጣው ሕግ ደግሞ ጉዳታቸው ዘላቂ ያልሆነ ተቀባዮች ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንዲመረመሩ አዘዘ።

ምርመራው በ1981 በጥድፊያ ተጀመረ። መርማሪዎቹ የጠየቁት «ሰውየው ተሽሎታልን?» ብለው ሳይሆን፣ «በዛሬው መለኪያ አበሉ ይገባዋልን?» ብለው ነበር። ስለዚህ ሕመሙ ያልቀለለለት ሰው እንኳ እንደ አዲስ አመልካች ተቈጠረ። እስከ 1984 ድረስ ወደ 490,000 የሚጠጉ ሰዎች አበላቸው እንዲቋረጥ ተወሰነ፤ ከነዚህም ከ200,000 የሚበልጡት በይግባኝ ተመለሰላቸው። አንዳንድ ክፍላተ አገርም ትእዛዙን አንፈጽምም አሉ።

በ1984 የእንደራሴዎች ምክር ቤት 402 ለ0፣ ሴኔቱም 99 ለ0 በሆነ ድምፅ አዲስ ሕግ አጸደቁ። ከዚያ ወዲህ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ሰውየው መሻሉና መሥራት መቻሉ በማስረጃ ሳይረጋገጥ አበሉ አይቋረጥም።

እንግዲህ ሕጉ ምርመራውን አልሻረም፤ የሻረው ጉዳተኛው ያንኑ ጉዳቱን ደጋግሞ እንዲያስረዳ መገደዱን ነው። በእኛ አስተያየት ፍትሕ የተገኘው ከዚህ ላይ ነው።